የታውኖን ፕሮግራም ያራገፍንበት ማክሰኞ

በሕንፃችን ምድር ቤት፣ በሳውናውና በልብስ ማድረቂያው መካከል፣ መስኮቱ ከውጭው በረዶ እኩል የሆነ አንድ ክፍል አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ክፍሉ የኮምፒውተር ክበቡ ነው። ክበቡ ማለት አህቲና ፔንቲ ናቸው። ሌላው ሰው ማሽኑ ሲታመምበት ይመጣል፣ ሲድንለት ይጠፋል።

አህቲ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የስልክ ጣቢያ ቴክኒሻን ነበር። ዓረፍተ ነገሩ በሆዱ ተጽፎ፣ ታርሞ ካላለቀ አፉን አይከፍትም። ፔንቲ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። እኔ ኬሚስትሪ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ምሳ በልተናል፤ በነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ እኔን ሳይተርብ ሾርባውን የጨረሰ አይመስለኝም።

የክበቡ ሕግ አንድ ነው። የፊደል ሰሌዳውን የሚነካው የማሽኑ ባለቤት ብቻ ነው፤ የሚረዳው ሰው እጁን ኪሱ ውስጥ ያደርጋል። ሕጉ የወጣው ፔንቲ በአንድ የችኮላ ቀን ለመርዳት ብሎ የሦስተኛ ፎቋን ጎረቤታችንን የዐሥራ ሁለት ዓመት የእንጉዳይ ፎቶግራፍ ካጠፋ በኋላ ነው። ሴትዮዋ እስካሁን በደረጃው ላይ ስታገኘው ሰላም የምትለው በጨረፍታ ነው።

እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ወደዚያ ክፍል አልወረድኩም። በየካቲት አንድ ማክሰኞ የባሌን የታውኖን ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልዬ ወረድኩ።

«ኢርያ» አለ ፔንቲ በሩን ሳልዘጋው። «ሁለት ዓመት ሙሉ የት ጠፋሽ?»

«አንተ የሌለህበትን ቦታ ስፈልግ።»

«አጣሽው?»

«ሄርቫንታ ትንሽ ሰፈር ናት።»

አህቲ ወንበር ሳበልኝ፤ ከፔርሙዙም ቡና ቀዳልኝ። በዝንጅብል ብስኩቱ ሣህን ላይ የቀረችው አንዲት ብቻ ስለነበረች ሦስታችንም እንዳላየን ሆንን። እዚህ ፊንላንድ የመጨረሻዋን ብስኩት የሚያነሳ ሰው አይገኝም።

«ምን ሆነ?» አለ አህቲ ላፕቶፑን እያየ።

«የኢሜይል ፕሮግራሙ ነው። ይከፈትና ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከገና ጀምሮ እንደዚያ ነው።»

«ኢሜይልሽን በስልክሽ አይደል እንዴ የምታዪው?» አለ ፔንቲ።

«የኔን አዎ። ይሄ የታውኖ ነው።»

አህቲ ፎጣውን አጥፎ ወደ ጎን አስቀመጠው።

«የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ አለበት» አልኩ። «ዘጠኝ ዓመት የቤቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር። የቧንቧ እድሳቱ ውሳኔ ሁሉ እዚያ ነው።»

ውሸት አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤው አለ። የምፈልገው ግን እሱን አልነበረም። እኔና ታውኖ በግድግዳ አሳልፈን የምንጣራ ሰዎች አልነበርንም። እሱ ከሥራ ክፍሉ አንድ ነገር ሊለኝ ሲፈልግ ኢሜይል ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባለችው ታብሌት አነበዋለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ አንብቤ እሰርዛለሁ። እሱ የጻፈውን ሁሉ ያስቀምጣል። ደብዳቤ ቤቱ ማደር አለበት የሚል ሰው ስለነበረ፣ ሁሉንም ወደዚህ ላፕቶፕ አውርዶ ከአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ያጠፋው ነበር፤ ከሞተ በኋላ ያ የመልእክት ሣጥንም ተዘጋ። እንግዲህ የቀሩት እዚህ ማሽን ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው። ይህን ሁሉ በሳውና በር አጠገብ ለሁለት ሽማግሌዎች ከማውራት ቃለ ጉባኤ ማለት ይቀል ነበር።

«ይራገፍና እንደገና ይጫን» አለ አህቲ።

«ደብዳቤዎቹስ?»

«ማራገፍ ደብዳቤ አይነካም።» ቡናውን ፉት አለ። «ፖስተኛውን ስላባረርሽ ፖስታሽ አይቃጠልም። ደብዳቤው በራስሽ ማኅደር ውስጥ ነው ያለው።»

እነዚህ ሰዎች፣ ታውኖም ጭምር፣ በሚጠቀሙበት የኮምፒውተር ሥርዓት ፕሮግራም የሚጫነውም የሚራገፈውም ጥቁር መስኮት ተከፍቶ ትእዛዝ ሲጻፍበት ነው። በመዳፊት ጠቅ አድርጎ መጫንም ይቻላል፤ ነገር ግን በአህቲ ፊት እንዲያ ማድረግ ካፖርት ለብሶ ሳውና እንደ መግባት ነው። ትእዛዙን ተቀብለው ፕሮግራሙን ከሩቅ መጋዘን ተሸክመው የሚያመጡ፣ አውጡት ሲባሉም የሚያወጡ ሌሎች ፕሮግራሞች አሉ። እኔ በልቤ ጫኝና አውራጅ እላቸዋለሁ። አህቲ የሚምለው በድሮው ጫኝ ነው፤ ሁሉንም ከአንድ መጋዘን ያመጣል፣ ዕቃው ትንሽ ያረጀ ቢሆንም ያልተፈተሸ አያስገባም። ፔንቲ የአዲሱ ወገን ነው። አዲሱ እያንዳንዱን ፕሮግራም ከነጓዙ በታሸገ ሣጥን ያመጣዋል። በዚህ ጉዳይ ሲነታረኩ ከበሩ ውጭ ሆኖ የሰማ ሰው ስለ ሃይማኖት ይመስለዋል።

አህቲ ትእዛዙን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ እኔ ጻፍኩ። ማሽኑ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ሁለቱም ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። የታውኖን ይለፍ ቃል ስጽፍ በጥቁሩ መስኮት ላይ ምንም አይታይም ነበር፤ አንድ ነጥብ እንኳ። ከዚያ ማሽኑ የሚያወጣውን ዘረዘረና ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጨዋ ነው» አልኩ።

«የድሮው ጫኝ ነዋ» አለ አህቲ። «ሳይጠይቅ አይወስድም።»

«ቀስ ብሎም ነው የሚወስደው» አለ ፔንቲ። «እስኪጨርስ ጢምህ ይበቅላል።»

ቀጥል አልኩት። ጥቂት መስመሮች ወርደው ቆሙ። ያ ነበር። ታውኖ በየጠዋቱ ከጥርስ ብሩሹ ቀጥሎ የሚከፍተው ፕሮግራም በአራት ሰከንድ ወጣ።

«አሁን መጫን» አለ ፔንቲ፤ ወንበሩን ይዞ ተጠጋ። «ስሚኝ ኢርያ። ለምን የተበላሸ ይመስልሻል? አርጅቶ ነዋ። አህቲ ደግሞ ያንኑ አሮጌ መልሶ ሊጭንልሽ ነው። የሻገተ ዳቦ አውጥቶ ከዚያው ከረጢት ሌላ ቁራጭ እንደ መስጠት ማለት ነው።»

አህቲ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አንድ ነገር ሊናገር እየተዘጋጀ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ቅንድቡ ቀድሞ ይነሳል።

«አዲሱ ጫኝ የዚህን ሳምንት ዕቃ ነው የሚያመጣው» አለ ፔንቲ። «ምርጫው ግን የባለቤቱ ነው። ሕግ ሕግ ነው።»

አህቲን ጠበቅሁት። አየኝ፣ መስኮቱን አየ፣ ቅንድቡ እዚያው እንደተነሳ ነው። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ እጁን አንስቶ ዝም ሲል መታገሥ ያልሆነልኝ ሴት ነኝ። ፔንቲ የነገረኝን ትእዛዝ ጻፍኩ።

አዲሱ ጫኝ ፈጣን ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሣጥኑን አመጣ፣ ፈታ፣ አስቀመጠ። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ነጭ ሆኖ አልቀረም። በሚያምር ሰማያዊ ፊደል «እንኳን ደህና መጡ፤ ስምዎን ያስገቡ» አለኝ።

በግራ በኩል የታውኖ ማኅደሮች ይደረደሩበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ወደ ታች ወረድኩ፤ ምንም የለም። ደግሜ ወረድኩ።

«ስምሽን ይጠይቃል» አለ ፔንቲ፣ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ።

«ማንበብ እችላለሁ።»

በዚህ ጊዜ የአህቲ ዓረፍተ ነገር በስሎ ደረሰ።

«አዲሱ የሚኖረው በራሱ ሣጥን ውስጥ ነው» አለ። «የድሮውን ማኅደር አያየውም። ስለዚህ ባዶ ሆኖ ይከፈታል።»

ፔንቲ ዞሮ አየው። «ይሄን ከመጫኑ በፊት ማለት አትችልም ነበር?»

«እያልኩ ነበር።»

«መቼ?»

«አሁን እስክጨርስ።»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አህቲ አየኝና ደብዳቤዎቹ አልጠፉም፣ እዚያው የድሮው ማኅደር ውስጥ ናቸው አለኝ። አመንኩት። ነገር ግን ያንን ባዶ ነጭ ዓምድ ከማየት ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ፔንቲ የሰው ፊት ማንበብ እንደ ሒሳብ አይሆንለትም፤ ሲያዝን ደግሞ ሥራ ያበዛል። ወዲያው መላ አገኘ።

«እኔ የምለው፣ ይሄን ሁሉ ለምን እንደክማለን? ቃለ ጉባኤ ነው አይደል የምትፈልጊው? ታውኖ እኮ ለቦርዱ አባላት በወረቀት ያድል ነበር። እኔ ዘንድ ሁሉም አለ፤ ጋራዥ ውስጥ፣ በዓመት በዓመት። የቧንቧውንም የአሳንሰሩንም። ነገ አመጣልሻለሁ።»

«ሁሉም አለህ?» አለ አህቲ።

«የ2009 መጋቢት ብቻ ይጎድላል። ያን ቀን ታምሜ ነበር።»

አህቲ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ነገሩ ልክ ነው፤ ወረቀቱ ካለ ምን ቀረ? ፔንቲም ቀጠለ። የድሮው ማኅደር የታመመ መሆን አለበት፤ ፕሮግራሙ ነጭ ሆኖ ይቀር የነበረው የታመመውን ማኅደር ሲከፍት ነው። ስለዚህ የታመመውን ማኅደር ጨርሶ ማጥፋት፣ ከዚያ ንጹሕ ላፕቶፕ ይዞ መሄድ። ላፕቶፑ ገና ደህና ነው፤ ለፎቶግራፍም ለዜናም ይሆናል።

«አንድ መስመር ነው» አለ። «ልንገርሽ?»

አሁን ሳስበው ለምን መጻፍ እንደ ጀመርኩ ለራሴም በደንብ አይገባኝም። ወረቀቱ አለ ተብሎ ነገሬ ሁሉ መልስ አግኝቶ ነበር፤ እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር፤ የነበረኝ ምክንያት ደግሞ ያልነገርኳቸው ብቻ ነው። ፔንቲ ፊደል በፊደል ይነግረኛል፣ ጣቴ ይጽፋል።

«ተጠንቀቂ እንግዲህ» አለ፣ እንደ ድሮው በክፍሉ ፊት ቆሞ እንደሚያስረዳ። «ይሄኛው ትእዛዝ ከጫኞቹ ወገን አይደለም። ልቀጥል ወይ፣ ምናምን ብሎ አይጠይቅሽም። ነክተሽው አለቀ።»

የማኅደሩን ስም ጽፌ ጨረስኩ። መስመሩ ሙሉ ሆነ። ጫፉ ላይ ትንሿ ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ኢንተር» አለ ፔንቲ።

«አውቃለሁ።»

«ትልቁ ነው። በስተቀኝ።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

እጄን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ጠበቁኝ። ፊንላንዳዊ ሲጠብቅ የእውነት ይጠብቃል፤ አይነካካም፣ አያሳስብም። ከማድረቂያው ክፍል አንድ ሰው ቅርጫቱን ይዞ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ።

«ቃለ ጉባኤ አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«የምፈልገው። ቃለ ጉባኤው ቢጠፋ ግድ የለኝም። የታውኖ ደብዳቤዎች ናቸው። ለኔ የጻፋቸው።»

ፔንቲ መነጽሩን አወለቀ። «ታውኖ? ከየት ሆኖ ነው የጻፈልሽ? የት ሄዶ ያውቅና?»

«ከሥራ ክፍሉ።»

«ከመሥሪያ ቤት?»

«ከቤት። ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ ካለችው።»

«አንቺስ የት ሆነሽ ነው?»

«ወጥ ቤት።»

ፔንቲ አሰላ። ቤቶቻችን ሁሉ በአንድ ንድፍ የተሠሩ ስለሆኑ ለማስላት አይከብድም። «ሰባት ሜትር» አለ።

«ስድስት ተኩል» አለ አህቲ። «መስመሩን የዘረጋሁለት እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመት?» አለ ፔንቲ።

«ዐሥራ አንድ።»

«አንቺ ዘንድ የሉም?»

«አንብቤ እሰርዛቸው ነበር» አልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ድምፄን እንደ ወትሮው ለማድረግ ሞከርኩ። «ማን ያስቀምጣል እንደዚያ ያለ ነገር።»

ፔንቲ መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ አልተረበኝም። እስከማውቀው ድረስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የአህቲ ዓረፍተ ነገር በዚህ ጊዜ ሳይታረም መጣ። «የጻፍሽውን አጥፊው። ከኋላ ጀምረሽ፣ አንድ በአንድ። ኢንተርን እንዳትነኪ።»

አንድ በአንድ አጠፋሁት። የመጨረሻው ፊደል ሲጠፋ ፔንቲ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ተቀመጠባቸው፤ ኪሱንም ያላመነው ይመስላል።

ከዚያ ሥራው በአህቲ መንገድ ሆነ። መጀመሪያ ምንም ሳንነካ የድሮውን ማኅደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ገለበጥን፤ ቀጥሎ ወደ ሌላ ፍላሽ። አህቲ ሁልጊዜ በሸሚዝ ኪሱ ሁለት ይይዛል፤ ሌላ ሰው እስክሪብቶ እንደሚይዘው። ሲገለበጥ ዐሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ። በመካከሉ ፔንቲ ብስኩቷን ወደኔ ገፋ አደረጋት።

«ብዪ» አለ።

«የመጨረሻዋ ናት።»

«አውቃለሁ። ብዪ፤ ሰው ሳያይ።»

በላኋት።

ቀጥሎ አዲሱን ማራገፍ ነበረብን። ትእዛዙን ራሱ ፔንቲ ነገረኝ፤ በተጎዳ ድምፅ። ሣጥኑን ከነውስጡ እናውጣው፣ ገና ምንም አልገባበትምና፣ አለ አህቲ። ማሽኑ ልቀጥል ወይ አለ።

«እሱም ይጠይቃል እንዴ?» አልኩት ፔንቲን።

«ምን መስሎሽ ነው? በደንብ ያደገ ነው።» ማያ ገጹን አየ። «ግማሽ ሰዓት እንኳ አልኖረም፣ ምስኪን። ስሙን ሳይለምድ።»

«የጠየቀው የኔን ስም ነው እንጂ።»

«ብትነግሪው ምን ነበረበት?»

ቀጥል አልኩት፤ ወጣ። የድሮውን በድሮው ጫኝ መለስነው። ሲጫን በእርግጥም ቀርፋፋ ነበር፤ ፔንቲ ጢሙን እየነካካ ሰዓቱን ያያል፣ አህቲ እንዳላየ ይሆናል። ሲጨርስ ልከፍተው ስል አህቲ አስቆመኝ። የታመመው ማኅደሩ ሳይሆን ማውጫው ሊሆን ይችላል፣ አለ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ማኅደር የደብዳቤዎቹን ዝርዝር የሚይዝበት ትንሽ ፋይል አለ፤ ያ ሲበላሽ ፕሮግራሙ የት እንደሚጀምር ይጠፋበታል። ትንሿን ፋይል ብቻ ብናነሳ ደብዳቤዎቹን ራሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንብቦ አዲስ ዝርዝር ይሠራል።

«ራሱ ያነባቸዋል?» አልኩ።

«ሁሉንም። አንድ ሳያስቀር።»

«ቅጂው ፍላሹ ላይ አለ አይደል?»

«በሁለቱም።»

ለኔ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ማኅደር ትንሿን ፋይል አነሳኋት። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ነጭ ሆነ።

ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ በግርጌው አንዲት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ከግራ ተነሥታ መሳብ ጀመረች፤ ከጎኗ ቁጥር አለ። ዐርባ። መቶ ሠላሳ። ሦስት መቶ።

አህቲ ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አደረገ። ፔንቲንም በክርኑ ነካ አደረገው፤ እሱም ዞረ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከደጅ ካለው በረዶ በቀር ምንም የማይታይበትን መስኮት ያዩ ጀመር።

«ስንት ደረሰ?» አለ ፔንቲ ሳይዞር።

«ሁለት ሺህ።»

«ስድስት ሜትር ተኩል ሲካፈል...»

«ፔንቲ» አለ አህቲ።

በአራት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥራ ስድስት ላይ መስመሯ ጠፋች፤ ዝርዝሩ ወጣ። ቀንና ርዕስ፣ ቀንና ርዕስ፣ ሁሉም ወደ አንድ አድራሻ። ጠቅ ያደረግሁት የትኛውን እንደሆነ ሳላይ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩ፤ ታውኖ በመጨረሻ ዓመታቱ ዓይኑ ደክሞ ነበር። ፔንቲም ብርጭቆውን ለማንሳት ዘወር ሲል ዓይኑ አረፈበት።

«ድንች» አለ።

«አትይ ተብለሃል።»

«አላየሁም። ተነበበኝ። ‹ድንቹ በሰለ ወይስ ልምጣና ልየው?›» ብርጭቆውን አነሳ። «የፍቅር ደብዳቤ ያልሽን ይሄ ነው?»

«የፍቅር አላልኩም።»

«አላለችም» አለ አህቲ ከመስኮቱ በኩል።

«ታዲያ መጥቶ አየው?»

«ሁልጊዜ ይመጣ ነበር። ለዚያ ነው የሚጽፈው።»

ሌላ ከፈትኩ፤ ይሄን ለራሴ። ርዕሱ «መስኮት» ይላል። «ወፏ ተመልሳለች። ቀስ ብለሽ ነይ።» ሦስተኛው ርዕስ የለውም። «ትናንት ስለ ሾርባው የተናገርኩትን አንስቻለሁ» ይላል። የትኛው ሾርባ እንደነበረ፣ ምን እንዳለኝም አላስታወስኩም። እሱ ግን አንድ ሌሊት ሙሉ አስቦበት ነበር። የላፕቶፑን ክዳን ገጥሜ እጄን ላዩ ላይ አሳረፍኩ።

ሁለቱ ሰዎች ለረጅም ጊዜ አልዞሩም። ብርጭቆዎቹን አጥቤ ስመለስም እንደዚያው ነበሩ።

«እኔ ከጋራዥ ሆኜ ለሚስቴ እንዲህ ብጽፍላት» አለ ፔንቲ ለመስኮቱ፣ «አምቡላንስ ነው የምትጠራው።»

«ሞክረው» አልኩ።

«ምን ብዬ?»

«ድንቹ በሰለ ወይ በላት።»

«ድንች የምቀቅለው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው በስሏል በላት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የሳውናው ተረኞች ፎጣቸውን ይዘው በበሩ ፊት ቆመው ነበር። ላፕቶፑን በፎጣዬ ጠቀለልኩ። አህቲ ሁለቱን ፍላሾች መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋልኝ።

«አንዱ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለ። «ሁለተኛው በሌላ ጣራ ሥር። ቧንቧ ይፈነዳል፣ እሳት ይነሳል። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ቅጂዎች አንድ ናቸው።»

«አንተ ያዘው» አልኩት።

«እኔ ካንቺ ሁለት ፎቅ በታች ነኝ። ጣራው ያው ነው።»

ፔንቲ ብቻ ነው ከግቢው ማዶ፣ በሌላው ሕንፃ የሚኖረው። እሱም ይህን አውቆ ኮፍያውን በማድረግ ሥራ በዝቶበት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የጸጉሬን ቀለም፣ የሳንድዊቼን ስፋት፣ ፈተና ሳርም የማወጣውን ድምፅ ለመላው የመምህራን ክፍል ሲዘረዝር የኖረ ሰው ነው። ፍላሹን ይዤ ጥቂት ቆምኩ። አህቲ አልገፋፋኝም።

«አታነብም» አልኩት ፔንቲን።

«አላነብም።»

«ብታነብም ስለ ድንች ነው።»

«አላነብም አልኩ እኮ፣ ኢርያ።»

ሰጠሁት። በትከሻው ያንጠለጠለው ከረጢት ክፍት ነበር፤ እዚያ ውስጥ ይጥለዋል ብዬ ነበር። ካፖርቱን ፈታ፣ ሹራቡን ገለጥ አድርጎ በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ሁሉንም ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ትመጫለሽ ወይ አለኝ። ምን ለማድረግ አልኩት። ሌሎቹን የተበላሹ ነገሮችሽን ይዘሽ ነይ፣ ከአራተኛ ፎቅ ሴት የማይሰበር ነገር የለም፣ አለ። እመጣለሁ አልኩት።

በደረጃው ወጥቼ በመግቢያው መስኮት ቆምኩ። ግቢው ከቀትር ጀምሮ በበረዶ መስታወት ሆኖ ነበር፤ እንዳያንሸራትት የሚደረገው ጠጠር ገና አልተበተነበትም። ፔንቲ እግሩን ሳያነሳ፣ ትንንሽ እየተራመደ፣ አንድ እጁን ለሚዛን ዘርግቶ ይሄዳል። ሌላኛው እጁ በካፖርቱ ላይ፣ በደረቱ ግራ በኩል ነበር። መንገዱን ትቶ፣ በረዶው ጥልቅ ወደሆነበትና ወደማያንሸራትተው የሣር ሜዳ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ ይሰምጣል፣ ይወጣል። ከበሩ ደርሶ የመግቢያቸው መብራት እስኪበራ ድረስ ከመስኮቱ አልተንቀሳቀስኩም።